ልጆቹን ለአያቶቻቸው መመለስ፦ ማኦሪዎች ቋንቋቸውን በትምህርት ቤት እንዴት አነሱት?

ያንን ቪዲዮ አብዛኞቻችሁ አይታችሁታል ብዬ ነው የማስበው። ኖቬምበር 2024 ላይ ኒውዚላንድ ፓርላማ ውስጥ አንዲት የ22 ዓመት ወጣት የፓርላማ አባል የአንድ ረቂቅ ህግ ወረቀት ለሁለት ቀዳ ሃካ የሚባለውን የማኦሪዎች ዜማና ጭፈራ ስትጀምር፣ ሌሎቹም እየተነሱ ሲቀላቀሏት፣ ከላይ የተቀመጠው ተመልካች ሁሉ አብሯት ሲያስተጋባ። ሃና ራፊቲ ማይፒ ክላርክ ትባላለች። በየስልካችን ስንት ጊዜ እንደዞረ እግዜር ነው የሚያውቀው። ብዙ ሰው ያየው ቁጣውን ነው፣ እኔን ግን የያዘኝ ቋንቋው ነው፣ ማኦሪኛው፣ የኒውዚላንድ ነባር ህዝብ የማኦሪዎች ቋንቋ። እሷ ከመወለዷ 20 ዓመት በፊት ይሄ ቋንቋ በቃ አብቅቶለታል፣ የመጨረሻዎቹ ሽማግሌዎች ሲያልፉ አብሮ ይቀበራል የሚባልለት ነበር። እሷ ደግሞ ከህፃንነቷ ጀምራ በማኦሪኛ ብቻ በሚያስተምሩ ቤቶች ያለፈች ልጅ ናት። እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ነው ዛሬ ማስረዳት የምፈልገው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

ቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ቋንቋ በትምህርት ቤት ይድናል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ ትምህርት ቤት ለብቻው አያድነውም ነው። ማኦሪዎች የሰሩት ነገር ስሙ ትምህርት ቤት ይባል እንጂ ውስጡን ስታዩት ልጆቹን ወስዶ ለአያቶቻቸው የመመለስ ስራ ነው። እሱ ከገባችሁ ሌላው ሁሉ ይገባችኋል።

በ1840 የማኦሪ አለቆችና የእንግሊዝ ዘውድ የዋይታንጊ ውልን ሲፈራረሙ የአገሩ ዋና ቋንቋ ማኦሪኛ ነበር፣ ሚሲዮኑም ነጋዴውም ለመግባባት እሱን ነበር የሚማረው። ሰፋሪው እየበዛ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። በ1867 የወጣ ህግ በየማኦሪ መንደሩ ትምህርት ቤት ይከፈት፣ ማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ይሁን አለ። እውነቱን ለመናገር ያኔ ልጆቻችን እንግሊዝኛ ይማሩልን ብለው ለፓርላማ አቤቱታ ያስገቡ ማኦሪዎችም ነበሩ፣ ግን የፈለጉት በራሳቸው ቋንቋ ላይ ሌላ መጨመር ነው፣ የራሳቸውን ተነጥቀው ሌላ መቀበል አይደለም።

የተነጠቁበትን መንገድ ለማየት የአንድ ሰው ታሪክ ይበቃል። ሰር ጄምስ ሄናሬ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የማኦሪ ሻለቃን የመሩ፣ በጣም የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። በ1985 የዋይታንጊ ትሪቡናል (ውሉ ተጥሷል የሚል አቤቱታ የሚሰማ አካል ነው) ፊት ቀርበው ስለ ልጅነታቸው ሲመሰክሩ፣ በትምህርት ቤቱ ግቢ ማኦሪኛ ሲናገሩ በመያዛቸው ጫካ ሄደው ፒሪታ የሚባለውን ጠንካራ ሐረግ ቆርጠው እንዲያመጡ መታዘዛቸውን ተናገሩ። በዛው ራሳቸው ቆርጠው ባመጡት ሐረግ ተገረፉ። እንጀራህን ማግኘት ከፈለግክ እንግሊዝኛ ተናገር መባላቸውንም አልረሱም። እስቲ አስቡት፣ ያ ህፃን ጫካ ውስጥ ቆሞ የትኛውን ሐረግ ልቁረጥ ብሎ ሲመርጥ።

አሁን ደግሞ ያ የተገረፈ ልጅ አድጎ አባት ሲሆን ምን ያደርጋል? ልጄ እንደኔ እንዳይገረፍ ብሎ እንግሊዝኛ ያወራዋል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ ቋንቋውን በጭካኔ ብቻ የጠፋ ያስመስሉታል፣ ጭካኔው ነበር፣ ግን ስራውን የጨረሰው የወላጅ ፍቅር ነው። ወላጆቹ ለልጆቻቸው ብለው ዝም አሉ። እርስ በርሳቸውና ከሽማግሌዎቹ ጋር ማኦሪኛ፣ ወደ ልጆቹ ሲዞሩ እንግሊዝኛ።

ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ከተማው መጣ። ማኦሪዎች ስራ ፍለጋ ከገጠር ወደ ኦክላንድና ዌሊንግተን ጎረፉ፣ መንግስትም ቤት ሲሰጣቸው በአንድ ሰፈር እንዳይሰበሰቡ ቁንዶ በርበሬ እንደሚነሰነስ በነጮቹ ሰፈር ውስጥ አንድ እዚህ አንድ እዚያ በተናቸው፣ የፖሊሲው መጠሪያ ራሱ ከቁንዶ በርበሬ መነስነሻ የመጣ ነው። ጎረቤት እንግሊዝኛ፣ ሱቅ እንግሊዝኛ፣ ሬድዮ እንግሊዝኛ፣ አያት ደግሞ ሩቅ ገጠር። ቁጥሩን ስታዩት ያስደነግጣል፦ በ1913 ትምህርት ቤት ከሚሄዱ የማኦሪ ልጆች 90 በመቶው ቋንቋውን ይናገሩ ነበር፣ በ1953 26 በመቶ ሆኑ፣ በ1975 ከ5 በመቶ በታች። አንድ የሰው እድሜ ሙሉ እንኳን አልፈጀም።

በ1970ዎቹ ሪቻርድ ቤንተን የሚባል የቋንቋ ተመራማሪና ጓዶቹ በሰሜኑ ደሴት ቤት ለቤት ዞረው ማን ነው የሚናገረው፣ ከማን ጋር፣ የት ብለው ጠየቁ። አጥርተው የሚናገሩት 70,000 አካባቢ ነበሩ፣ ችግሩ ግን ቁጥሩ አልነበረም፣ እድሜያቸው ነበር። አብዛኞቹ ልጅ ወልደው የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ቤተሰቡን በሶስት ደረጃ አስቡት፦ አያት ይናገራል፣ እናትና አባት ይሰማሉ ግን አይናገሩም ወይ ጭራሽ አያውቁም፣ ልጅ ምንም የለውም። ሰንሰለቱ የተበጠሰው መሃል ላይ ነው። ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለሴት ልጇ በአማርኛ "ነይ ብይ" ስትላት ልጅቱ ገብቷት በእንግሊዝኛ "አልራበኝም" ብላ ትመልሳለች፣ ያየ ያውቀዋል ይሄን። ያቺ ልጅ አማርኛ አላት፣ ግን ለልጇ የምታወርሰው አማርኛ የላትም። ማኦሪዎች በ1970ዎቹ እንደ ህዝብ እዛ ላይ ነበሩ።

መጀመሪያ የተነሱት ወጣቶቹ ናቸው። ንጋ ታማቶአ የሚባል የወጣቶች ቡድንና የዌሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኦሪኛ በትምህርት ቤት ይሰጥ የሚል ፊርማ በየቤቱ እየዞሩ አሰባሰቡ፣ ሴፕቴምበር 14፣ 1972 ከ30,000 በላይ ፊርማ ለፓርላማ ገባ። ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ ሃና ቴ ሄማራ ነበረች። ከነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ራሳቸው ቋንቋውን አይችሉትም ነበር፣ እኔን እስካሁን የሚነካኝ ይሄ ነው፣ ያልተሰጣቸውን ነገር ነው ለሌላ ትውልድ የጠየቁት። መንግስትም እሺ ብሎ ማኦሪኛ እንደ አንድ የትምህርት አይነት በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንዲገባ ማድረግ ጀመረ።

ጥሩ ነው፣ ግን አይሰራም። በሳምንት ሁለት ሶስት ሰዓት የተማረ ልጅ ቀለም ይቆጥራል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ መዝሙር ይዘምራል፣ ከዛ ያበቃል። እኛ ፈረንሳይኛ ተምረን ስንቶቻችን ፈረንሳይኛ ተናገርን? ማኦሪዎች ይሄ ቶሎ ነው የገባቸው። ኦታኪ በምትባል ከተማ አካባቢ ያሉ ሶስት ጎሳዎች በ1975 የራሳቸውን ሰው ሲቆጥሩ ከ30 ዓመት በታች የሆነ ተናጋሪ የለም ለማለት የሚያስደፍር ሆኖ አገኙት፣ ደንግጠው ለ25 ዓመት የሚሆን እቅድ አወጡ፣ ሰውን ሳምንት ሙሉ በማራኤ (የጎሳው መሰብሰቢያ ግቢና አዳራሽ ማለት ነው) እያሳደሩ በማኦሪኛ ብቻ ማኖር ጀመሩ። ከዛ እቅድ ውስጥ በ1981 የራሳቸው ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ተወለደ፣ ቴ ዋናንጋ ኦ ራውካዋ፣ እስከ ዛሬ ዲግሪ ይሰጣል።

ዋናው ነገር ግን የመጣው ከሽማግሌዎቹ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ሲመክሩ የደረሱበት ሀሳብ እንዲህ ነው፦ መሃል ያለው ትውልድ ካልቻለ እንዝለለው። እኛ አያቶች አሁንም አለን፣ ህፃናቱም አሁንም አፋቸውን አልፈቱም፣ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ እናስቀምጣቸው። ኮሃንጋ ሬዮ ብለው ሰየሙት። ኮሃንጋ የወፍ ጎጆ ነው፣ ሬዮ ድምፅም ቋንቋም ማለት ነው፣ የቋንቋ ጎጆ። የመጀመሪያው በ1982 ከዌሊንግተን ወጣ ብላ ባለች ዋይኑዮማታ በምትባል ቦታ ተከፈተ።

እስቲ አንድ ኮሃንጋ ውስጥ እንግባ። ቤቱ የቤተክርስቲያን አዳራሽ ሊሆን ይችላል፣ የሰው ጋራዥ ሊሆን ይችላል፣ ማራኤ ሊሆን ይችላል፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገኙት ሁሉ ነበር። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ እንግሊዝኛም እዛው በር ላይ ይቀራል። ቀኑ በፀሎትና በዘፈን ይጀመራል፣ ከዛ ህፃናቱ ሰላም እየተባባሉ ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ፣ የማኦሪ ትውውቅ ደግሞ ከስም አይጀምርም፣ ተራራዬ እከሌ ነው፣ ወንዜ እከሌ ነው፣ ጎሳዬ እከሌ ነው ተብሎ በመጨረሻ ነው ስም የሚመጣው። የ3 ዓመት ልጅ ሳይኮላተፍ ተራራውን ይጠራላችኋል። አንዲት አሮጊት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ህፃን ታቅፋ ታወራዋለች፣ የቋንቋ መምህር አይደለችም፣ ስለ ሰዋስው አንድ ቃል አትናገርም፣ ዝም ብላ ታወራዋለች፣ አፍንጫውን ትጠርግለታለች፣ ትቆጣዋለች፣ ታስቀዋለች። በቃ፣ ቋንቋ የሚተላለፈው እንዲህ ነው፣ በዓለም ላይ ያለ ልጅ ሁሉ አፍ የፈታው እንዲህ ነው። ኮሃንጋ አዲስ የማስተማሪያ ዘዴ አላመጣም፣ የጠፋውን ቤት ነው መልሶ የሰራው።

ሌላው ቁልፍ ነገር ቤተሰቡ ነው፣ ፋናው ይሉታል፣ እናት አባት ብቻ ሳይሆን አክስት አጎት አያት ሁሉ ያለበት። ኮሃንጋን የሚያስተዳድረው ፋናው ነው፦ ምግብ የሚያበስለው፣ የሚያፀዳው፣ ገንዘቡን የሚቆጣጠረው፣ የሚወስነው። ወላጅ ልጁን በር ላይ ጥሎ አይሄድም። ይሄ ለምን አስፈለገ? ልጁ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲመለስ የሚያናግረው ከሌለ ቋንቋው እዛው ጎጆው ውስጥ ይቀራላ። እናትየዋ ከልጇ ጋር አብራ ቁጭ ብላ እየሰማች ሳታውቀው ትማራለች፣ ብዙ ሴቶች በዚህ መንገድ ነው ከልጃቸው ቋንቋቸውን የተማሩት፣ አስተማሪ የሆኑም አሉ። ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፣ በ1994 800 ኮሃንጋዎች ነበሩ፣ 14,000 ልጆች የያዙ። ሃዋይዎቹ ይሄን አይተው በ1984 የራሳቸውን ጀመሩ፣ ፊንላንድ ያሉት ኢናሪ ሳሚ የሚባሉ ነባር ህዝቦችም በ1997።

ከዛ አዲስ ችግር መጣ። ልጁ 5 ዓመት ሞላው፣ ከጎጆው ወጣ፣ የሰፈሩ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ገባ፣ በጥቂት ወር ውስጥ ማኦሪኛውን ጣለው። የ5 ዓመት ልጅ ጓደኛው በሚያወራበት ነው የሚያወራው፣ ምን ታደርጉታላችሁ። ወላጆቹ መንግስት ትምህርት ቤት እስኪከፍትላቸው አልጠበቁም። በ1985 በምዕራብ ኦክላንድ ሆአኒ ዋይቲቲ በሚባለው ማራኤ የመጀመሪያውን ኩራ ካውፓፓ ማኦሪ ከመንግስት ሲስተም ውጪ ራሳቸው ጀመሩት። የማኦሪን አካሄድ የሚከተል ትምህርት ቤት እንደማለት ነው፣ ማኦሪኛ እንደ ትምህርት አይነት የሚሰጥበት ሳይሆን ሂሳቡም ሳይንሱም ጨዋታውም ቅጣቱም በማኦሪኛ የሆነበት። ህጉ እውቅና የሰጣቸው በ1989 ነው። የሚመሩበት ሰነድ ቴ አሆ ማቱአ ይባላል፣ መጀመሪያም የተፃፈው በማኦሪኛ ነው፣ ስለ ፈተና ከማውራቱ በፊት ስለ ልጁ መንፈስና ስለ ዘር ግንዱ ያወራል። የሁለተኛ ደረጃው ደግሞ ፋሬኩራ ይባላል። ስለዚህ ዛሬ አንድ ልጅ ከጎጆው ተነስቶ እስከ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ማኦሪኛ ሳይለቅ መሄድ ይችላል።

ሂሳብ በማኦሪኛ እንዴት ይሆናል ለምትሉ፣ ቁጥሩ እንደውም ከእንግሊዝኛው ይቀላል። 11 "ቴካኡ ማ ታሂ" ነው፣ አስርና አንድ። 20 "ሩዋ ቴካኡ" ነው፣ ሁለት አስር፣ 30 ሶስት አስር። እንደኛ ሃያ፣ ሰላሳ፣ አርባ እያሉ መሸምደድ የለም፣ ልጁ ስሙን ሲጠራ ስሌቱን አብሮ እየሰራ ነው። የከበደው የሳይንሱ ቃል ነበር፣ እሱንም እየተቀመጡ ፈጠሩት። ኮምፒውተር "ሮሮሂኮ" ነው። ሮሮ አንጎል ነው፣ ሂኮ ድሮ መብረቅ ሲብለጨለጭ የሚባልበት ቃል ነበር ዛሬ ኤሌክትሪክ ሆኗል፣ የኤሌክትሪክ አንጎል ማለት ነው። ይሄን ቃል በጣም ነው የምወደው፣ አዲሱን ዕቃ ከአሮጌው ጓዳ በወጣ ቃል ሲያለብሱት።

ብዙ ሰው የሚፈራው እነዚህ ልጆች እንግሊዝኛ ሳያውቁ ቢቀሩስ የሚለውን ነው። ብዙዎቹ ኩራዎች እንግሊዝኛን እንደ ትምህርት የሚጀምሩት ልጁ በማኦሪኛ ማንበብና መፃፍ ከተደላደለ በኋላ ነው፣ ግን እንግሊዝኛ ኒውዚላንድ ውስጥ እንደ አየር ነው፣ ከቲቪው፣ ከስልኩ፣ ከመንገዱ ይገባል። እንግሊዝኛ የማይችል የኩራ ተመራቂ ማግኘት ይከብዳል፣ በሁለተኛ ደረጃ ፈተናም የነዚህ ትምህርት ቤቶች ልጆች በእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ካሉ የማኦሪ ልጆች የተሻለ ውጤት ሲያመጡ ነው የሚታየው። እዚህ ላይ የመጠን ነገርም አለ፦ መንግስት ትምህርት ቤቶቹን በደረጃ ነው የሚከፍላቸው፣ አንደኛ ደረጃ የሚባለው ከሰዓቱ ከ81 እስከ 100 በመቶው በማኦሪኛ የሚሰጥበት ነው፣ ሁለተኛው ከ51 እስከ 80። ከግማሽ በታች ከወረደ ልጁ ስለ ቋንቋው ያውቃል እንጂ በቋንቋው አያስብም።

አዋቂዎቹስ? ያ መሃል ላይ የተዘለለው ትውልድ? ለነሱ በ1979 ገደማ ካቴሪና ማታይራና ንጎይ ፔፋይራንጊ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ቴ አታአራንጊ የሚባል ዘዴ አመጡ። ክፍሉ ውስጥ መፅሐፍ የለም፣ ደብተር የለም። ጠረጴዛ ላይ ባለቀለም እንጨቶች አሉ፣ ሂሳብ ለማስተማር የሚያገለግሉት አይነት፣ ነጭ ትንሽዬ፣ ቀይ ትንሽ ረዘም ያለች፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። አስተማሪዋ አንድ ታነሳለች፣ "ሄ ራካኡ" ትላለች፣ እንጨት። ቀዩን ታነሳለች፣ "ሄ ራካኡ ፌሮ"። ለአንዱ ትሰጠዋለች፣ ስጣት ትለዋለች፣ አስቀምጥ፣ ላይ፣ ስር፣ ጎን። ከዛ እንጨቶቹ ሰው ይሆናሉ፣ ቤት ይሆናሉ፣ ጀልባ ይሆናሉ፣ ተረት ይነገርባቸዋል። ህጉ ጥብቅ ነው፣ እንግሊዝኛ የለም፣ ሌላው ሲያስብ ቀድመህ አትንገረው፣ እርስ በርሳችሁ ርህሩህ ሁኑ።

የመጨረሻው ህግ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ፋካማ የሚሉት ስሜት አለ፣ ሀፍረት ነው፣ መሸማቀቅ ነው። መልኩ ማኦሪ፣ ስሙ ማኦሪ የሆነ የ50 ዓመት ሰው ማራኤ ሄዶ ሽማግሌ በቋንቋው ሲያናግረው መልስ ሲያጣ የሚሰማው ነገር። ለፈረንጁ ተማሪ ማኦሪኛ አዲስ ቋንቋ ነው፣ ቢሳሳት ይስቃል ይቀጥላል። ለማኦሪው ግን እያንዳንዱ ስህተት አባቱ ለምን ዝም እንዳለ ያስታውሰዋል። ክፍል ውስጥ የሚያለቅሱ ትልልቅ ሰዎች አሉ። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ማንበብ ስጀምር የሰዋስው ነገር ይከብዳቸዋል ብዬ ነበር የማስበው፣ ለካ ከሁሉ የሚከብደው አፍ ከፍቶ የመጀመሪያዋን ቃል ማውጣት ነው። አጠራሩም ቢሆን ቀልድ አይደለም፣ አናባቢውን ካስረዘማችሁት ትርጉሙ ይቀየራል፣ "ኬኬ" በአጭሩ ኬክ ነው፣ በረጅሙ ብብት። እኛ "ገና" የሚለውን አጥብቀን ወይ አላልተን እንደምናነበው አይነት ነገር።

ህጉ ከህዝቡ ኋላ ነው የመጣው። በ1984 ናይዳ ግላቪሽ የምትባል የኦክላንድ የስልክ ኦፕሬተር ደዋዮችን "ኪያ ኦራ" ብላ ሰላም በማለቷ አለቃዋ አቁሚ አላት፣ አላቆምም አለች፣ አገር ተነሳ፣ ሰው እየደወለ ያቺን ኪያ ኦራ የምትለዋን አገናኙኝ ይል ነበር፣ ነገሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋ ደርሶ ተፈቀደላት። በቀጣዩ ዓመት ነው ከላይ የጠቀስኩት የትሪቡናል ክስ የታየው። ክርክሩ በአንድ ቃል ላይ ነበር። የ1840ው ውል የማኦሪኛ ቅጂ ዘውዱ የማኦሪዎችን "ታኦንጋ" ይጠብቃል ይላል፣ ታኦንጋ ክቡር ሀብት ማለት ነው። ከሳሾቹ ቋንቋ ታኦንጋ ካልሆነ ታዲያ ምንድነው ታኦንጋ አሉ፣ ትሪቡናሉም በ1986 ልክ ናችሁ አለ። በ1987 ማኦሪኛ በህግ የአገሩ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሆነ፣ የቋንቋ ኮሚሽን ተቋቋመ፣ በ2004 ደግሞ የራሱ ቲቪ ተከፈተለት። ስለ ህግ ከዚህ በላይ አልልም፣ ኮሃንጋው ህጉን 5 ዓመት ቀድሞት ነበር።

ታዲያ ዳነ ወይ? በ2023 ቆጠራ 213,849 ሰው ማኦሪኛ እናገራለሁ ብሏል፣ ከአገሩ ህዝብ 4.3 በመቶ ነው፣ ከበፊቱ ቆጠራ ጨምሯል። መንግስት በ2040 ቢያንስ መሰረታዊውን የሚችል አንድ ሚሊዮን ሰው ይኑር ብሎ ግብ አስቀምጧል። ደስ ይላል፣ ግን ቁጥሩ አይሸውዳችሁ። አብዛኞቹ የማኦሪ ልጆች ዛሬም የሚማሩት በእንግሊዝኛ ነው። ኮሃንጋዎቹም ከ800 ወርደው ከ500 በታች ሆነዋል። ለምን ብትሉ አንዱ ምክንያት 1990 አካባቢ በትምህርት ሚኒስቴር ስር መግባታቸው ነው፣ ገንዘብ መጣ፣ ከገንዘቡ ጋር ቅፅ፣ ኢንስፔክሽን፣ የመምህር ዲፕሎማ መጣ። ያቺ ምንጣፍ ላይ ህፃን ታቅፋ የምታወራ አሮጊት ዲፕሎማ የላትማ። ሲስተሙ እንደ ማንኛውም መዋዕለ ህፃናት ነው የለካቸው። ትሪቡናሉ ራሱ በ2012 ባወጣው ሪፖርት መንግስት ኮሃንጋዎቹን በሚገባቸው መጠን አልደገፈም ብሎ ወቅሷል። በዛ ላይ አሮጊቶቹና ሽማግሌዎቹ አለፉ። ዛሬ ጎጆው ውስጥ የሚያወራው ሰው ብዙ ጊዜ ራሱ በጎጆው ያደገ ወይ በትልቅነቱ የተማረ ነው፣ የአስተማሪ እጥረቱም የከፋ ነው። በ2024 ደግሞ መንግስት መምህራን ማኦሪኛ የሚሰለጥኑበትን ፕሮግራም 30 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ቆርጦ ወደ ሂሳብ ትምህርት አዞረው፣ የሂሳብ ትምህርት ጠላት አይደለሁም፣ ግን መምህር በሌለበት ልጁን ማን ያናግረዋል? በጣም ነው ያበሳጨኝ።

ለዚህ ነው አሁን ትኩረቱ ከክፍል ወደ ሳሎንና ማድቤት እየተመለሰ ያለው። የደቡቡ ደሴት ትልቁ ጎሳ ንጋይ ታሁ ነው፣ እዛ ቋንቋው ከሁሉም ቀድሞ ነው የሳሳው። እነሱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ "ኮታሂ ማኖ ካይካ" የሚል እቅድ አወጡ፣ አንድ ሺህ ቤት ማለት ነው። ግቡ አንድ ሺህ ተማሪ አይደለም፣ አንድ ሺህ ትምህርት ቤት አይደለም፣ በቤቱ ውስጥ ማኦሪኛ የሚወራበት አንድ ሺህ ቤተሰብ ነው። ቃሉ ራሱ በነሱ አነጋገር ነው የተፃፈው፣ ሌላው ካይንጋ የሚለውን እነሱ ካይካ ይሉታል፣ እሱንም አልተዉትም።

ስራው ሲጀመር የታየው ጉድለት ማንም ያላሰበው አይነት ነው። ቋንቋውን በዩኒቨርሲቲ የተማሩት ወላጆች ማራኤ ላይ ቆመው ንግግር ማድረግ ይችላሉ፣ ስለ ውሉ መከራከር ይችላሉ፣ ግን ጠዋት ልጁ ትምህርት ቤት ሊረፍድበት ሲል ጥርስህን ፋቅ፣ አትማታ፣ ሾርባው ይፈስብሃል፣ ና እቀፈኝ የሚለው ይጠፋቸዋል፣ ማንም እንደዛ ብሎ አላሳደጋቸውምና። እና ጎሳው ለቤተሰብ የሚሆን መማሪያ ሲያዘጋጅ የሚገባው እንዲህ አይነቱ ነገር ነው፣ የማድቤት፣ የመታጠቢያ ቤት፣ የመኪና ውስጥ፣ የመኝታ ሰዓት አረፍተ ነገር። "ኬይ ሄያ ኦ ሁ?" ጫማህ የት አለ? በጎጆው ያደጉት ልጆች አሁን ወላጅ ሆነዋል፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው ይሄንኑ እየጮሁ ነው፣ ልጁም ከውስጥ በማኦሪኛ አላውቅም ይላቸዋል።